«በጋራ» ብዬ የተረጎምኩት

ሥራዬን የለቀቅሁት፣ ሥራው ቀድሞ እኔን ስለ ለቀቀኝ ነው። የመሬት መዝገብ ቤቱ ረጅም ባንኮኒ ተነሥቶ በቦታው ኮምፒዩተሮች ተተከሉ። ከዚያ ወዲህ የቤት ስም ማዛወር ማለት ስክሪን ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ሆነ፤ ቁልፉን የሚጫነውም ጠበቃው ራሱ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ዐሥር ዓመት ያህል የኖርኩበት ሙያ፣ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ማንበብ፣ ለባለጉዳይ ማስረዳት፣ ማስፈረምና ባንኮኒው ላይ ማስመዝገብ፣ በአንድ ቀን ሥልጠና ተጠቃለለ። በሥልጠናው ከሁሉም ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ስላልቻልኩ እንዳልወጣሁ እንዲታወቅልኝ ነው።

በስንብቱ ቀን የቢሮው ወጣቶች ኬክ ቆርሰው «ስንት ቤት አስገዝተሻል?» ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩን አላውቅም። የማውቀው ቤት አንድ ነው፤ ኢቶቢኮ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው መጋዘኖች ቅርብ የሆነ ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት። ውስጡ ገብቼ አላውቅም። መዝገብ ላይ ያለውን ገጽ ግን ዓይኔን ጨፍኜ መጻፍ እችላለሁ። የዚያን ቤት ነገር ለመናገር ከየት እንደ መጣሁ ማስቀደም አለብኝ፤ ስሕተቱ የመጣው ከትምህርቴ ነውና።

ሕግ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በንብረት ሕግ ባሕር ማዶ ሠርቼ ተመለስኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን የንብረት አንቀጾች ከነቁጥራቸው በቃሌ እወጣቸው ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ማዘጋጃ ቤት፣ የቤት ካርታ ክፍል ነበር። ብዙ ሳልቆይ ዘመኑ ተለወጠና ሰው ቤት ለማስመዝገብ ሳይሆን ለማስረከብ ይሰለፍ ጀመር። ትርፍ ቤት አላቸው የተባሉ ሰዎች በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡትን ካርታ እየተቀበልኩ የርክክብ ቅጽ እሞላ ነበር። አንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጠቅሼ ለአለቃዬ ጥያቄ ባቀርብ፣ ከመነጽሩ በላይ አይቶኝ «ወይዘሪት ጽጌ፣ እዚህ የሚፈለገው የእጅ ጽሑፍሽ ነው» አለኝ። የእጅ ጽሑፌ በእርግጥ ያማረ ነበር። በዚያ ባማረ ጽሑፍ የስንቱን ቤት ከባለቤቱ እንዳወጣሁ ለመቁጠር አልሞከርኩም። ከዓመታት በኋላ ለስብሰባ ወጥቼ ቀረሁ።

ቶሮንቶ ስገባ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። የውጭ አገር የሕግ ዲግሪዎችን የሚመዝነው አካል ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ጨዋ ነበር፤ ያላጠናሁት አገር ሕግ እንዳላጠናሁ በትሕትና አስረዳኝ። ብሉር ጎዳና ላይ፣ ከጨርቃ ጨርቅ መደብር በላይ ባለ ሁለት ክፍል የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ሰነድ አዘጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ የጀማሪ ነበር፤ ጀማሪ መሆኔ ካበቃ በኋላም እንደዚያው ቆየ። በወረቀት ላይ ስሜ ሎው ክለርክ፣ የሕግ ቢሮ ጸሐፊ፣ ነበር። የአገሬ ሰዎች ግን «አስተርጓሚዋ» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ እበሳጭበት ነበር። በኋላ ስሙ ልክ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሚስስ ኢሎና ናት። ከሃንጋሪ በወጣትነቷ በስደት የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት የሌሎችን ሰዎች ቤት ስታዘዋውር የኖረች፣ አጭር ፀጉርና ደረቅ እጅ ያላት ሴት። ሰነድ የምታነበው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ነው። «መጀመሪያውን ሁሉም ያነበዋል። ሰው የሚጎዳው ሲደክመው በሚያልፈው ቦታ ነው» ትል ነበር። በእያንዳንዱ መስመር ሥር ጠርዙ የተበላ የእንጨት ማስመሪያ ታስቀምጣለች፤ ማስመሪያው ካልወረደ ዓይኗ አይወርድም። ባለጉዳይን «ገብቶዎታል?» ብዬ እንዳልጠይቅ በመጀመሪያው ሳምንት ከለከለችኝ። ገብቶኛል የማይል ሰው የለም። «ምን ላይ እንደሚፈርሙ መልሰው ይንገሩኝ» በይ አለችኝ።

ሌላው ልማዷ ከሁሉም የከፋ ነበር። የተዘጋጀ ሰነድ ባቀረብኩላት ቁጥር ማስመሪያውን ገጹ ላይ ጧ አድርጋ ትመታና «ሞቱ የት ላይ ነው?» ትለኛለች። የቤት ሰነድ ሁሉ ውስጥ ሞት አለ፤ የት እንደ ተቀመጠ ያላወቀ አዘጋጅ ሰነዱን አላነበበም። ለባለጉዳዩም ከመፈረሙ በፊት «ነገ ብትሞት በዚህ ቤት ማን ያድራል?» የሚለው ጥያቄ መቅረብ አለበት። እሷ ለፖርቹጋሎችም ለጣሊያኖችም ያለ ምንም ሐፍረት፣ ሰዓት እንደምትጠይቅ አድርጋ ታቀርበው ነበር።

የእኛ ሰዎች ጉዳይ የራሱ ጣጣ ነበረው። ባልና ሚስት ተጋብተው ዐሥራ አምስት ዓመት ኖረው የአባት ስማቸው ስለሚለያይ፣ ባንኩ ጋብቻቸውን ይጠራጠራል። ተስፋዬ ዓለሙ በአንዱ ወረቀት ዓለሙ ተስፋዬ ሆኖ ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በቃለ መሐላ ማረጋገጥ የኔ ሥራ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብዕሩን አስቀምጠው አልፈርም አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ሌላ ቤት አለህ ወይ ይላል። ምን ሊያደርግልኝ ነው የሚጠይቀኝ?»

«ለግብር ነው፣ አባባ።»

«ያን ጊዜም ለመረጃ ነው ብለው ነበር። አንዷ ቆንጆ ልጅ ናት የጻፈችው፤ ደግሞ ጽሑፏ ሲያምር!»

የትኛው ማዘጋጃ ቤት እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም። በእንግሊዝኛ፣ በታይፕ ሞላሁላቸው።

አሁን ወደ ቤቱ እመጣለሁ።

አቶ ደምሴና አቶ ተፈራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የተዋወቁ ጓደኛሞች ናቸው። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ስምንት ዓመት ተከራይተው ኖረዋል። ደምሴ ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱ ሱዳን ሞታበት አንዲት ሴት ልጁን ሜሮንን ለብቻው ያሳድጋል። ተፈራ ታክሲ ይነዳል፤ ቤተሰብ የለውም። ለየብቻቸው ባንክ ስለማያበድራቸው አንድ ቤት በሁለት ስም ለመግዛት ወሰኑ። ለፊርማ የመጡት ሁለቱም ከረቫት አስረው ነበር። የተፈራ ከረቫት የደምሴ መሆኑን ደምሴ ገና ሳይቀመጥ ነገረኝ።

ሰነዱን ሳነብላቸው ደምሴ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፤ ይህችን ቃል ግን ያውቃታል።

«ወይዘሪት ጽጌ፣ እዚህ ጋ ቴናንት ይላል እኮ። ፍሌሚንግደን ስምንት ዓመት ቴናንት ሆነን አልበቃንም?»

«ሱፐሩም አብሮን ይመጣ እንደሁ ጠይቅልኝ» አለ ተፈራ። ሱፐር የሚሉት የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ነው።

ሳቅሁ። በቢሮው ውስጥ የምስቅ ሰው አልነበርኩም። ቃሉ የጥንት ሕግ ቃል መሆኑን፣ እዚህ ላይ ተከራይ ማለት እንዳልሆነ አስረዳሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ሲይዙ ሕጉ ሁለት አማራጭ ይሰጣል፤ አንደኛው ጆይንት ቴናንትስ፣ ሁለተኛው ቴናንትስ ኢን ኮመን ይባላል። ከዚያም በአማርኛ እንዲህ አልኩ፦

«አንደኛው በጋራ ነው። ሁለተኛው በየድርሻ ነው፤ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ተለይቶ ይጻፋል።»

ተፈራ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ድርሻ? ከደምሴ ጋር? ገዳሪፍ በአንድ ብርድ ልብስ ስንተኛ ተካፍለናል እንዴ?»

«አልተካፈልንም፤ አንተ ነበርክ ጠቅልለህ የምትወስደው» አለ ደምሴ። ወደ እኔ ዞረ። «በጋራ ይበሉት፣ ወይዘሪት። ድርሻ የሚባለው ለማይተማመን ሰው ነው።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሚስስ ኢሎና ቀና አለች። አማርኛ አታውቅም፤ ሰነዱ የት ገጽ ላይ እንደ ደረሰ ግን ከሩቅ ታውቃለች። ማስመሪያውን ጠረጴዛዋ ላይ ጧ አደረገች።

«አንድ ጥያቄ ይቀራል» አልኩ። «እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ...»

«ኧረ ወይዘሪት!» ደምሴ እጁን አነሣ። «በቤት መግዣ ቀን? አያሟርቱብን እንጂ!»

ተፈራ አማተበ። ሁለቱም ይስቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። እኔም አቆምኩ። ለፖርቹጋሎች የሚቀርብ ጥያቄ ለእኛ ሰው በዚያ ቀን፣ በዚያ ከረቫት ፊት፣ ነውር ነው፤ አስተዳደጌ ከሙያዬ በለጠ። «እሺ፣ ምን ላይ እንደምትፈርሙ መልሳችሁ ንገሩኝ» አልኩ።

«ቤቱ የጋራችን ነው» አለ ደምሴ።

ትክክል ነው ብዬ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። የሰጠሁትን ቃል ነበር የመለሰልኝ።

ፈረሙ። በምስክርነት ፈረምኩ። ሲወጡ ለደምሴ ኮቱን አቀበልኩት። «ሜሮን እንግዲህ የራሷ መግቢያ አላት፤ እኔ ባልኖርም» አለኝ። ልጠይቀው የፈራሁትን ሞት ራሱ ነገረኝ። እኔ የኮቱን እጅጌ እያቀናሁለት ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ደምሴ መጋዘኑ ውስጥ፣ በቀን ሺፍት፣ ዕቃ ሲያነሣ ወደቀና ሞተ። ልብ ነው ተባለ።

ከቀብሩ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተፈራ የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዞ መጣ። የቢሮው ባለቤት፣ አለቃዬ የሆነው ጠበቃ፣ ፋይሉን ገልጦ አየና «ቀላል ነው። የተራፊነት ማመልከቻ፣ አንድ ገጽ» ብሎ ወደ ጠረጴዛዬ ወረወረው። ወረቀቱን ታይፕ መምታት ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ።

እዚህ ላይ ነገሩን በትክክል ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። በቃሌ በያዝኩት የአገሬ ሕግ የጋራ ንብረት ማለት፣ እያንዳንዱ ባለንብረት ድርሻ ያለውና ድርሻውም ሲሞት ወደ ወራሾቹ የሚተላለፍ ነው። በዚህ አገር ሕግ ያ ዓይነቱ ይዞታ ሁለተኛው አማራጭ ነው፤ እኔ «በየድርሻ» ያልኩት። የመጀመሪያው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው፣ አንዱ ሲሞት ድርሻው አብሮት ይጠፋል፤ ቤቱ በሙሉ በሕይወት የቀረው ሰው ይሆናል፤ ተራፊነት የሚሉት ይህን ነው፤ ኑዛዜ እንኳ አይለውጠውም። ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር ልል አልችልም። ፈተና ተፈትኜበታለሁ፤ በእንግሊዝኛ ቢጠይቁኝ ገጹን ጠቅሼ እመልስ ነበር። በአማርኛ ስናገር ግን አፌ የሚያውቀው ሌላ ሕግ ነበር። ስለዚህ ለልጁ መግቢያ የፈለገውን አባት፣ ልጁን የሚያስወጣውን ወረቀት በጥሩ አማርኛ አስመረጥኩት።

ለተፈራ ነገርኩት።

«ቤቱ በሙሉ በእርስዎ ስም ይሆናል።»

«የደምሴስ?»

«ሕጉ ከእንግዲህ የደምሴ ብሎ የሚያውቀው የለም።»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። ከዚያ «የሜሮን ግማሽ የሜሮን ነው» አለ። «ምን ወረቀት ነው የሚፈልገው?»

«አንድ የስም ማዛወሪያ። ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ይምጡ፤ ይዘጋጃል።»

በአርባው ቀንም ይህንኑ በሰው ፊት ምሎ እንደ ተናገረ ሰማሁ። ማክሰኞ ግን አልመጣም። በቀጣዩ ማክሰኞም አልመጣም። ስደውል «ሺፍት ላይ ነኝ» አለ። ሦስተኛው ማክሰኞ ስልኩን አላነሣም። እስከዚያው የተራፊነት ማመልከቻው ተመዝግቦ ነበር፤ ባንኮኒው ላይ በእጄ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰውዬው በማንኛውም ቀን፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቤቱን መሸጥ ይችላል።

ከዚያ ጀምሮ በየዓርቡ በምሳ ሰዓቴ ወደ መዝገብ ቤቱ መሄድ ጀመርኩ። የቤቱን ገጽ አስወጥቼ የመጨረሻውን መስመር አያለሁ። አዲስ መስመር ካልተጨመረ ቤቱ አልተሸጠም። ገጹን ከማየቴ በፊት እጄን ገጹ ላይ አኖርና ትንሽ እቆያለሁ። የባንኮኒው ሠራተኛ «ይህን ቤት ልትገዢው ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም አልኩ። ከዓርብ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት ግን መጥፎ ነበሩ፤ ሰነድ እያነበብኩ ማስመሪያዬ በአንድ መስመር ላይ ሲቆይ ሚስስ ኢሎና ታየኝ ነበር።

በየዓርቡ መመላለስ በጀመርኩ በስድስተኛው ሳምንት ሜሮን ወደ ቢሮው መጣች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ኮሌጅ ገና ጀምራለች። የአባቷን ሰነድ ቅጂ በትምህርት ቤት ፋይል ውስጥ ይዛለች።

«ጋሽ ተፈራ ኤጀንት አምጥቶ ቤቱን አሳየ» አለች። «ቤድሩሜን ሳይቀር ፎቶ አነሱት። ወት ኢዝ ዚስ?» ሰነዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። «እዚህ ጆይንት ቴናንትስ ይላል። ላይብረሪ ሄጄ ሉክ አፕ አደረግሁት። አባዬ ይሄን ያውቅ ነበር?»

«አነበብኩለት።»

«ምን ብለው?»

«በጋራ ብዬ።»

አማርኛዋ ውስጥ ቃሉን ስትፈልግ አየሁ። «በጋራ... ቱጌዘር ማለት ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ቱጌዘር። ከዚያ አንዱ ሲሞትስ ምን ይሆናል አሉት?»

«አላልኩትም።»

«ዋይ?»

እንዳላሟርትበት ብሎኝ ነው ማለት እችል ነበር። እውነትም ነበር። ጉዳዩን በሙታን ላይ ማላከክ ግን ከሥራዬ ስሕተት የባሰ መስሎ ታየኝ። «መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም» አልኩ። ሜሮን አላለቀሰችም። ሰነዱን አጥፋ ወደ ፋይሏ መለሰች። «ዓርብ ሌላ ሰው ሊያየው ይመጣል» አለችኝ።

የሌላ ጠበቃ ስም ጻፍኩላት፤ የእኛ ቢሮ የሁለቱም ወገን መሆን አይችልም። ከሜሮን ጠበቃ የተጠየቅሁት ግልጽ ነበር። ሁለቱ ገዢዎች ምን እንደ ተነገራቸው፣ ምን ብለው እንደ መለሱ የሚገልጽ ቃለ መሐላ ካለ፣ በቤቱ መዝገብ ላይ «ባለቤትነቱ ክርክር አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ማስመዝገብ ይቻላል። ማስጠንቀቂያ ያለበትን ቤት ማንም አይገዛም። ቃሉን መስጠት የሚችለው በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

አለቃዬን አስፈቀድኩ። ማስፈቀድ አልነበረብኝም፤ የሰለጠንኩበት ሥርዓት ግን እንደዚያ ነው። በሩን ዘጋው።

«ይህን ከፈረምሽ ስሕተቱ የቢሮው ይሆናል» አለኝ።

«የኔ ነው። እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«አንቺና ቢሮው አንድ ናችሁ፤ ሕጉ አይለያችሁም። በመጪው ዓመት ለጥብቅና ልምምድ እቀበልሻለሁ ብዬሽ ነበር። ይህን የጻፈ ሰው ግን በኔ ፊርማ ሊቀርብ አይችልም።»

ለጥብቅና ከሚያስፈልጉት ፈተናዎች የተወሰኑትን አልፌ ነበር። መጽሐፎቹ ጠረጴዛዬ ሥር ነበሩ። ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስስ ኢሎና የደምሴን ፋይል ከፊቴ አነሣችና ገልብጣ፣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ፣ ማስመሪያዋን አስቀመጠችበት።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የደምሴ።»

ማስመሪያውን አንድ መስመር አወረደችው። «ይህስ?»

«የኔ። ምስክር።»

«ታዲያ የመሰከርሽውን ተናገሪ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቃለ መሐላውን በዚያው ከሰዓት በኋላ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ከሩብ ነው። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሰነዶች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው፤ ምንም ቅጽል የለውም። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያው ተመዘገበ። በምሳ ሰዓቴ ሄጄ ገጹን አየሁ። አዲሱ መስመር እዚያ ነበር፤ የሜሮን ስም ያለበት።

ገዢው ሸሸ። ሰኞ ጠዋት ተፈራ ኮፍያውን ሳያወልቅ ገባ።

«እኔ ሌባ ነኝ?»

«አላልኩም። ሰነዱ የሚለው ባለቤትነቱ ክርክር አለበት ነው።»

«ሸጬ ግማሹን ልሰጣት ነበር! በእጇ! ያለ ወረቀት!»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል?» ድምፁ ተሰበረ። «በሰው ፊት ምዬ ነበር እኮ።»

«ሦስት ማክሰኞ ጠብቄዎታለሁ።»

ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «መጥቼ ነበር» አለ። «ሁለተኛው ማክሰኞ። ከታች ጨርቃ ጨርቁ በር ላይ ታክሲዬን አቁሜ ተቀምጬ ነበር። ያ ወረቀት ድርሻ ይላል። ድርሻ! በሕይወት ሳለ ያልተካፈልኩትን ሰው፣ ከሞተ በኋላ ልካፈለው? ቤቱም ውስጥ መተኛት አልቻልኩም። ሸጬ፣ ግማሹን ሰጥቻት፣ ልገላገል ነው ያሰብኩት። አንቺ ግን በመንግሥት መዝገብ ላይ ሌባ አደረግሽኝ።»

«እርስዎ» ይለኝ የነበረ ሰው «አንቺ» አለኝ። ትክክል ነበር።

እውነቱን ተናግሮ እንደ ሆነ አላውቅም። ያኔም አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ምናልባትም ገዢው ፈጥኖ ቢፈርም ኖሮ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኝ ነበር። ወረቀት የተፈለሰፈው ይህን ማወቅ ስለማይቻል ነው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ሁለተኛውን አማራጭ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግን ተፈራ ሐቀኛ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር። ደምሴ ሲሞት ግማሹ በቀጥታ ወደ ልጁ ይሄድ፣ እሱም ጓደኛውን አልቅሶ በሰላም ይኖር ነበር። አንድ ቃል ከሜሮን ቤቷን ለጥቂት ወራት ወሰደ፤ ከእሱ ግን ስሙን ለዘለዓለም ወሰደ።

ተፈራ በመጨረሻ የስም ማዛወሪያውን ፈረመ። በየድርሻ፣ እኩል በእኩል። ሜሮን ከጎኑ ቆማ ፈረመች። «ጋሼ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ እሱ ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ። ቤቱ በዚያው ክረምት ተሸጠ። በቤተ ክርስቲያን ተፈራ እኔን ሲያይ በሌላው በር ይወጣል። ሜሮንንም እንደዚያው። ሁለቱ በአንድ ኮሪደር ስምንት ዓመት የኖሩ፣ እሱ ብስክሌት ያስተማራት ሰዎች ናቸው።

እኔ ጠበቃ አልሆንኩም። አለቃዬ ቃሉን ጠበቀ፤ ከሥራ አላስወጣኝም፤ ጠረጴዛዬን ወደ ኋላኛው ክፍል አዛወረው። ሚስስ ኢሎና ጡረታ ስትወጣ ማስመሪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች። ደብዳቤ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ለባለጉዳዮቼ ሁሉ ጥያቄውን አቀርብ ነበር፤ በአማርኛም። አንዳንዱ አማተበ። አንዲት ሴት ተነሥታ ሄደች፤ ለጓደኞቿም «እዚያች ሟርተኛ ዘንድ አትሂዱ» አለች። አለቃዬ ባለጉዳይ እየቀነስሽብኝ ነው አለ። እውነቱን ነው።

ባንኮኒው ከመዘጋቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የቀጠሮ መዝገቤ ላይ የሜሮንን ስም አየሁ። ቀኑ እስኪደርስ ድረስ እንደ ድሮዎቹ ዓርቦች በስጋት ነበር የጠበቅሁት። ከእጮኛዋ ጋር መጣች፤ ዮናስ የሚባል፣ እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛውን በጥንቃቄ የሚረግጥ ልጅ። አንድ አፓርትመንት እየገዙ ነበር። ሜሮን ሳትቀመጥ ተናገረች፤ አማርኛዋ ከድሮው ተሻሽሏል።

«ወይዘሪት ጽጌ፣ ይቅር ብዬዎት አይደለም የመጣሁት።»

«ገብቶኛል።»

«ያን ጥያቄ የማይረሳ ሰው ሌላ ስላጣሁ ነው።»

ሰነዱን ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ። ማስመሪያውን አወረድኩ። ስለ ይዞታው የሚናገረው መስመር ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። «እግዚአብሔር አያድርገውና...»

«እሱን ይተዉት» አለች ሜሮን። «ዝም ብለው ይጠይቁን።»

«ነገ ከእናንተ አንዳችሁ ብትሞቱ፣ በዚህ ቤት ማን ያድራል?»

«ኧረ!» ዮናስ ሳቀ። «ሲሪየስሊ? ዛሬ?»

«አንሰር አድርግ» አለችው። እሷ አልሳቀችም።

ዮናስ አየኝ፤ እሷን አየ፤ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። «እሷ» አለ። «ሜሮን ታድራለች። በሙሉ የሷ ይሆናል።»

«እኔ ከሞትኩ የሱ» አለች ሜሮን። «ሌላ ማንም ሳይጠየቅ። የአባቴን ወረቀት ዓይነት ይጻፉልን። አባዬ ምን እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። እኔ አውቃለሁ።» ከዚያ ጠየቀችኝ። «ለመሆኑ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«ልክ የሆነ ቃል የለውም።»

«እንግዲያው በጋራ አይበሉት።»

አላልኩትም። ፋይሉ ውስጥ፣ ከእንግሊዝኛው መስመር ጎን፣ ማዘጋጃ ቤት ሳለሁ ይወደስ በነበረው በዚያ የእጅ ጽሑፌ «ለቀሪው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም አነበቡት። ዮናስ ፊደሉን እየቆጠረ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ብዕሩን አነሣ።